ሃምሳ ማይክሮግራም ስለተከለከለችው ባለቤቴ

ለተከበሩ አቶ ሚሳኤል፣
በሀና ማርያም አካባቢ፣ ለክብሩ ስል ስሙን የማልጠራው ጤና ተቋም የመድኃኒት ክፍል ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከባለቤቴ ከትሩፋት በቀር ሁላችንም ደህና ነን። እርሷ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ የእንቅርት ዕጢዋ ሥራውን ስለቀነሰ፣ ሐኪሟ ለእርሷም ለፅንሱም የግድ ነው ብሎ በየቀኑ የምትወስደው ባለ ሃምሳ ማይክሮግራም ክኒን አዘዘላት። መድኃኒቱ ከጎፋ እስከ ነፋስ ስልክ ጠፍቶ በእርስዎ መደርደሪያ ላይ ሞልቶ ተገኘ። እሰይ ብለን ሳንጨርስ ግን ከለከሉን። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ማዘዣው ላይ «50»፣ ካርቶኑ ላይ ደግሞ «0.05» እንደሚል ለይተው በማየትዎ ዓይንዎን አድንቄያለሁ። ከቁጥሩ ቀጥሎ አንደኛው ማይክሮግራም፣ ሌላኛው ሚሊግራም ይላል፤ እስከዚያ ድረስ ማንበብ ግን ለሥልጣንዎ አይመጥንም። አንድ ሚሊግራም ሺህ ማይክሮግራም ስለሆነ ሁለቱ አንድ ክኒን ናቸው ብዬ ባስረዳ፣ ሥራዬን አታስተምረኝ ብለው ገሠጹኝ።

ሁለተኛ፣ ሃምሳውን ለመሙላት ሺህ ፍሬ መዋጥ ይኖርባታል፣ ያ ደግሞ ይገድላታል ብለው መስጋትዎ ርኅራኄዎን ያሳያል። እንዳትሞትብን ብለው ባዶ እጇን ሸኟት። ግማሽ ኪሎ ስኳር ጠይቀው ባለሱቁ አምስት መቶ ግራም ቢሰጥዎ፣ አራት መቶ ዘጠና ዘጠኝ ተኩል ተርፏል ብለው እንደሚመልሱለት አልጠራጠርም።

ሦስተኛ፣ ጉዳዩን የሚያጣራ ኮሚቴ በማቋቋምዎ! ሰብሳቢው አዳማ ለሥልጠና ስለሄዱ እስካሁን አልተሰበሰበም። ሐኪሟ ማዘዣውን በሚሊግራም ቀይሮ ቢጽፍልን ደግሞ፣ ቁጥር ተቀይሯል፣ ማጭበርበር ነው ብለው መለሱት። ኧረ እግዚኦ! ሰው ይህን ያህል ይጠነቀቃል?

ክቡርነትዎ፣ ቀልዱን ልተወውና ተናድጃለሁ፤ ፈርቻለሁም። ትሩፋት ፊቷ አብጦ፣ በጠራራ ፀሐይ እየበረዳት፣ ደረጃ መውጣት አቅቷት ተቀምጣለች። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው ነው፤ ክኒኑን በመስኮትዎ በኩል በዓይኔ እያየሁት እመለሳለሁ።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለማህተምዎም የማይደርቅ ቀለምን እየተመኘሁ፣ ነገም ከመስኮትዎ ሥር ለመቆም የማይሰለቸው አክባሪዎ፣

ለሊሳ ዱጉማ
ከላፍቶ

ማስታወሻ፦ ትናንት በአልትራሳውንድ የፅንሱ ክብደት ስምንት መቶ ግራም ነው ተባልን። በኪሎ ሲሆን 0.8 መሆኑ ነው። በዜሮ የሚጀምር ሁሉ በእርስዎ ዘንድ ከምንም እንደማይቆጠር አውቃለሁ፤ ዛሬ ጠዋት እናቱን ሲረግጣት ግን እጄ ሆዷ ላይ ነበር።