ቅመም የሌለው ቅቤ

ኅዳር 27 ቀን 1970

ሚስተር ጆሺ ትናንት የሰጠሁትን ቅቤ መለሰልኝ። ኮሰረት ሸተተው። «ወይዘሮ የሻሽ፣ ይቅርታ... ለእሳት ነው። ቅመም አይገባበትም።»

ተናደድኩ። ሒሳብ አስተማሪ ነው እንጂ የቅቤ ቀማሽ መቼ ሆነ? የተወረሰብኝን ሰርቪስ ቤት ከቀበሌ ተከራይቶ፣ በገዛ ግቢዬ ቅቤ ያማርጥብኛል! እኔ እንደሆን ጾም ላይ ነኝ፣ ሳልቀምስ ነው ያነጠርኩት።

ልጄ ቢተው ዛሬም አልመጣም። ከቤት ከወጣ ሃያ ሦስት ቀኑ። ሰው ሲጠይቀኝ «ጎጃም አጎቱ ዘንድ ነው» እላለሁ። እህቱ አፀደም እንዲሁ እንድትል አስጠንቻታለሁ። ቢተው የሚፈለግ ልጅ ነው ከተባለ ለእሷም አይመለሱም።

ኅዳር 30

የቀበሌው ሊቀመንበር ዓለምሰገድ አስጠራኝ። የልጄ ነገር መስሎኝ ነበር። ለካስ የሚስተር ጆሺ ጭስ ነው።

«ህንዱ በየማለዳው የሚያቃጥለው ምንድን ነው? የፀረ አብዮተኞች የበተና ወረቀት እንዳይሆን። አይተሽ ንገሪን።»

ታኅሣሥ 2

ሄጄ አየሁ። በመዳብ ዕቃ ላይ ፍልጥ ረብርቦ አነደደ። ሩዝና ቅቤ በማንኪያ እየጨመረ በራሱ ቋንቋ ያነበንባል።

«እሳት ነው እንዴ የምታመልኩት?» አልኩት ፊት ለፊት።

«አይደለም። እሳት መልእክተኛ ነው። አባቶቻችን ቤተ መቅደስ ሳይኖራቸው፣ ምስል ሳይኖራቸው፣ እሳት ብቻ ነበራቸው። ከሦስት ሺህ ዓመት በፊት። እሳት አፍ ነው... የሰጡትን ይበላል፣ ወደ ላይ ያደርሳል።»

«የሚደጋግሙት ቃልስ?»

«‹ይህ የእኔ አይደለም› ማለት ነው። የሰጠ ሰው እጁን መልቀቅ አለበት።»

ሰው ሲሞትም ለእሳት ይሰጣል፣ የመጨረሻው መሥዋዕት እሱ ራሱ ነው አለኝ። እናቱን እንዲያ ነው የሸኛት። ዘገነነኝ። አማተብኩ። እኛስ ተመስገን፣ አፈር አለን።

ስወጣ «ቢተው ጎበዝ ተማሪዬ ነበር» አለ። ነበር? ምን ማለቱ ነው?

ታኅሣሥ 3

ለዓለምሰገድ ነገርኩት። «ሩዝና ቅቤ ነው። ጸሎታቸው ነው።» ሳቀ። «ሕዝቡ ቅቤ አጥቶ እሱ ለእሳት!» አለና ተወው።

ታኅሣሥ 11

ጠዋት ከአፀደ ጋር ወደ ኦሎምፒያ ስንወርድ ሰው ተሰብስቧል። ሦስት ልጆች መንገድ ዳር ተጋድመዋል። መሐል ያለው... አረንጓዴውን ሹራብ የሠራሁት እኔ ነኝ። ክርኑ ሲቀደድም የጠቀምኩት እኔ።

ጠመንጃ የያዘው አየኝ። «ታውቂዋለሽ?»

የአፀደ እጅ እጄ ውስጥ ነው።

«አላውቀውም» አልኩ። «የእኔ አይደለም።»

ታኅሣሥ 12

በመኪና ጭነው ወሰዷቸው አሉ። የት? ማንን ልጠይቅ? ማልቀስ አይቻል፣ ድንኳን አይተከል። አፀደ ትራስ ነክሳ ዋለች።

አፈር አለን ብዬ ነበር።

ታኅሣሥ 14

ቅቤ አነጠርኩ። ኮሰረት የለው፣ ኮረሪማ የለው። ማልጄ ይዤለት ሄድኩ።

ሚስተር ጆሺ ቆርቆሮውን አየ፣ ፊቴን አየ። እሳቱ ፊት አስቀመጠኝና ማንኪያውን አስያዘኝ። ቅቤው ጠብ ሲል ነበልባሉ ብድግ አለ።

«አሁን እርስዎም ይበሉ» አለኝ ቀስ ብሎ። «ይህ የእኔ አይደለም።»

አቃተኝ። አንዴ ብዬዋለሁ። ልጄ ፊት ቆሜ ብዬዋለሁ።

«የእኔ ነው» አልኩ። «ቢተው የእኔ ነው። ልጄ ነው።»

አለቀስኩ። ሰው ቢያየኝ ጭሱ ነው እላለሁ።

ሚስተር ጆሺ አላረመኝም። ማንኪያውን እንደገና ሞላልኝ።