ግልገሏን እምቢ ያለችው በግ

ለተወደድሽው ልጄ ለሶሎንጎ፤

እንደምን ከርመሻል? ክረምቱ አልጠናብሽም ወይ? ያምሽ የነበረው ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ባለቤትሽ ቱመንስ አዲሱ ሥራ ተስማማው? እኛ ከእናትሽ ጉንፋን በቀር ደኅና ነን፤ ከብቶቹም ቢከሱም ከብርዱ ተርፈዋል።

በስልክ ያልሽኝን አልረሳሁም። «አባዬ፣ አኑጅንን በሞንጎልኛ አታስጨንቅብኝ፤ በበጋ መጥቼ ስወስዳት ደብሊን ውስጥ ምን ያደርግላታል?» ብለሽኛል። መልሴን ያዘገየሁት ሳላይ መፍረድ ስለማልወድ ነው። እርግጥ ልጅሽ እኛ በሞንጎልኛ ስንጠይቃት ከስልኳ በለቀመችው እንግሊዝኛ ነበር የምትመልስልን። አሁን ግን ያየሁትን ልንገርሽ።

እዚህ የበረዶ አውሎ ነፋስ በመታን ማግስት አንዲት በግ ግልገሏን እምቢ አለች። ግልገሏ ስትጠጋት በግንባሯ እየገፋች ታባርራታለች። እንደምታውቂው እናቲቱን «ቶይግ፣ ቶይግ» እያለ በዜማ የሚያባብላት ካልተገኘ ግልገሏ ሳትጠባ ማደሯ ነው፤ በዚያ ብርድ ደግሞ አይነጋላትም። የእናትሽ ድምፅ በጉንፋኑ ተዘግቷል። እኔ በዚያ በአስተማሪ ድምፄ ብሞክር በጊቱ መሬቱን በእግሯ መታችብኝ። እናትሽም በሹክሹክታ «አንቺ በግ፣ ተነሺ እንጂ፣ መምህር ገብተዋል!» ብላ ሳቀችብኝ።

ይኼኔ አኑጅን ስልኳን ይዛ መጣች። ባለፈው ሳምንት እናትሽ ሌላ በግ ስታባብል ድምፅዋን ቀድታው ኖሯል። ከፈተችው። በጊቱ ጆሮዋን አቆመች፣ ስልኩን አሸተተች፣ ከዚያም ፊቷን አዞረች። ልጅቱ ስልኩን ቦቲዋ ውስጥ ከተተችና ቁጢጥ ብላ፣ የግልገሏን ጀርባ እያሻሸች፣ ራሷ ጀመረች። መጀመሪያ ለፍየል የሚባለውን «ቼግ፣ ቼግ» አለቻት። እናትሽ በዚያ በተዘጋ ድምፅዋ «ፍየል ናት እንዴ? ኧረ በጓን አትስደቢያት!» አለቻት። አስተካክላ ቀጠለች። ያ ዜማ፣ የእናትሽ አተነፋፈስ እንኳ ሳይቀር፣ ከስድስት ዓመት ልጅ አፍ ሲወጣ ሰማሁ።

ፀሐይ ኮረብታው ላይ ስትደርስ በጊቱ አንገቷን ደፋች። ከዓይኗ እንባ ወረደ፤ ግልገሏም ጡት ያዘች። አኑጅን «አያቴ፣ ጠባች! እያት፣ ጠባች!» ብላ በሞንጎልኛ ጮኸች።

ዕድሜዬን ሙሉ ፊደል አስተምሬያለሁ፤ ማባበሉንም ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ያን ምሽት ግን እንደ ወጋችን ለክብሯ ቆቤን አጥልቄ ለልጅቱ ቆምኩላት።

ልጄ፣ እንግሊዝኛውንም ትማር፤ አልከለክልም። እሑድ ስትደውዪ ይህን ሁሉ በራሷ አፍ፣ በሞንጎልኛ ልትነግርሽ ተሰናድታለች። እባክሽ፣ አንቺም በሱ መልሺላት።

ለቱመን ሰላምታዬን ንገሪልኝ። እናትሽ እንደ ልማዷ ግንባርሽን አሽትታ ትስምሻለች። አኑጅን ደግሞ «ግልገሏ ሰላም ብላሻለች ብለህ ጻፍላት፤ ሌላውን አንተ እንዳትነግራት» ብላኝ ነበር። አደራዋን በላሁ፤ አልሰማሽም በይ።

አባትሽ ጋልሳን
አርካንጋይ፣ ከጸደይ ሰፈራችን
ኤፕሪል 14 ቀን 2023