አርባ አንድ ሺህ እርምጃ

ለታላቅ ወንድሜ ለዋኘው፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤንነትህ እንዴት ነው? የሐዋሳ አየር ተስማማህ ወይስ ጉንፋኑ አሁንም ይመላለስብሃል? የሻረግስ እንዴት ናት? ልጃችሁ እየሩስ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ሙቀቱ ገና በጥር ጀመረን እንጂ ሌላ ክፉ ነገር የለም፤ ሰሊጡም ተራግፎ ገብቷል። በስልክ ያላነሳሁልህን በወረቀት የምጽፈው፣ ስንደዋወል አባባ ከአጠገቤ ስለማይጠፉ ነው።

ሳልሸፋፍን ልንገርህ፣ እቀናብሃለሁ። ዘንድሮ ብቻ አይደለም፤ ከሄድክ ጀምሮ ስድስት ዓመት ሙሉ ስቀና ነው የኖርኩት። አጋዘን አደን በተነሳ ቁጥር የአባባ ወሬ አንድ ነው፦ ዋኘው ጎህ ሲቀድ ወጥቶ ጀንበር እስክትገባ ይሄዳል፣ አንዴም አረፍ አይልም። ይህን እያሉ እኔን ከእግር እስከ ራስ ያዩኛል።

ሥራ ቀለል ሲል ከእህታችን ከብርነሽ ባል ከባየልኝ ጋር ለሦስት ቀን አደን ወጣን። እውነቱን ለመናገር የወጣሁት አንተን ልበልጥ እንጂ አጋዘኑን ብዬ አልነበረም። ስልኬ እርምጃ ይቆጥራል፤ የመጀመሪያውን ቀን ሠላሳ ሦስት ሺህ፣ በማግስቱ አርባ አንድ ሺህ አለኝ። ውሃ እንኳ እየሄድኩ ነው የጠጣሁት። ባየልኝ ግን ረፋዱ ሦስት ሰዓት ሲሆን ቁርቁራ ጥላ ሥር ጋደም ይላል፣ አስር ሰዓት ላይ ተነስቶ ትንሽ ይዞራል፣ በቃ። አጋዘን ፀሐይ ሲበረታ ጥላ ይዞ ነው የሚውለው፣ ያን ጊዜ የሚሄድ ሰው ያስበረግገዋል እንጂ አያገኘውም ብሎ መክሮኝ ነበር። ስንፍናውን የሚሸፍን መስሎኝ ሳቅሁበት።

በሦስተኛው ቀን ተረከዜ ተልጦ እያነከስኩ የአንድ ትልቅ ወንድ አጋዘን ዱካ ይዤ ዋልኩ። በደረስኩ ቁጥር ይነሳና ይሄዳል። አመሻሽ ላይ ተኩስ ሰማሁ። ለካ ከኔ ሲሸሽ ውሎ በጥም ባየልኝ ወደ ተቀመጠበት ኩሬ ወርዶ ኖሯል። እኔ ቀኑን ሙሉ ነዳሁለት፣ እሱ ቁጭ ብሎ ጣለ። እንዲያ ተቃጥዬ አላውቅም።

እንደ ልማዳችን ገዳዩ ቀንዱን ተሸክሞ ለቤቱ ሽማግሌ ያስረክብ የለ? ባየልኝ ሲያስረክባቸው አባባ በስንዝር ለኩት፣ መረቁትና፣ ዋኘው ከጣለው ግን በአንድ ስንዝር ያንሳል አሉ። የባየልኝ ፊት ሲጠቁር ሳይ፣ አልዋሽህም፣ ደስ አለኝ።

በማግስቱ እግሬን ጨው ውሃ ውስጥ ነክሬ ስቀመጥ አባባ መጥተው ቁስሌን አዩ። ስንት ሰዓት እንደሄድኩ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። «ዋኘው እንዲህ ሄዶ አያውቅም» አሉኝ። አንተም እንደ ባየልኝ ጠዋትና አመሻሽ ብቻ ትሄድ ነበር አሉ፤ ቀትር ላይ ከጎናቸው ተኝተህ ታንኮራፋ ነበር። ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን እንዲያ አሉኝ ብላቸው፣ «ስሙን ሳነሳ ደስ ስለሚለኝ ነው» አሉ።

ይህን ስሰማ የሚበርድልኝ መስሎኝ ነበር፤ ባሰብኝ። ጉልበቴን አመመኝ እያሉ ሃያ ደቂቃ የማይሞላውን መንገድ ሄደው ማሳዬን አይተው አያውቁም። ሰሊጤን የሚያዩት በጆንያ ተሞልቶ ነው። እግሬን ታምሜ ቤት በዋልኩበት ሳምንት ግን በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ የጎንደር መኪና ሳይገባ ለመድረስ፣ በትራቸውን ይዘው ሲወጡ አየሁ። መናኸሪያው ለሳቸው እግር ከአንድ ሰዓት በላይ ነው። አንድ ቀን እያነከስኩ ተከተልኳቸው። የሚወርደውን ሰው አንድ በአንድ አይተው ሲጨርሱ ማንንም ሳይጠይቁ ተመለሱ። ብርነሽን ብጠይቃት፣ እኔ ማሳ ስውል ሁልጊዜ እንዲሁ ናቸው አለችኝ።

ስለዚህ ና። ናፍቀኸኛል፣ ግን ና የምልህ ለዚያ ብቻ አይደለም። አንተ ቤት ከገባህ መናኸሪያ የሚሄዱበት ነገር አይኖርም፤ ያን ጊዜ ምናልባት አንድ ቀን ወደኔ ማሳ ይመጡ ይሆናል።

የሻረግን ሰላም በልልኝ፣ እየሩስን ሁለቱን ጉንጯን ሳምልኝ። ብርነሽና ባየልኝ በጣም ናፍቀንሃል ብለዋል። አባባ መጻፌን ስለማያውቁ ሰላምታ አልላኩም፤ አሁን ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፣ ወጥተዋል።

ወንድምህ ይስማው
ገለጉ፣ ቋራ
ጥር 21 ቀን 2012 ዓ.ም.