የጋሽ ሰይድ ሆድ በምን ይሰፋ?

ሰኞ፣ ፌብሩወሪ 10፣ 1986

«በምን እንዝጋው?» አለኝ ቀዶ ጥገና የሚያስተምረኝ አለቃዬ፤ የበሽተኛው ሆድ ገና ክፍት ነው። እንዲህ ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ነው። በሽተኛው ጋሽ ሰይድ ናቸው፤ የወሎ ሰው፣ እዚህ ከተማ ዋይት ሴንተር ሰፈር ሱቅ አላቸው። የጨጓራ ቁስላቸው ተበስቶ፣ ሆዳቸው ውስጥ መግል ሞልቶ ነው የገቡት። ቀጭን ናቸው፣ ያጨሳሉ፣ ሳል አለባቸው። ለስፌት ከዚህ የከፋ ሆድ የለም።

ከበግ አንጀት የሚሠራው ክር ቶሎ ይሟሟል፤ ቁስሉ ሳይጠነክር ይለቃል። ሐር ጠንካራ ነው፣ ግን የተጎነጎነ ስለሆነ ጀርም ይደበቅበታል። አለቃዬ የሚወደው ሰው ሠራሹም ይሟሟል፣ የተጎነጎነም ነው። ወፍራም ናይለን አልኩ። አንድ ወጥ ነው፣ አልተጎነጎነም፣ አይሟሟም። ፊቱ ኮሶ መሰለ። «የመረጥሽው አንቺ ነሽ» ብሎ መርፌውን ሰጠኝ። ከቁስሉ ጠርዝ ራቅ እያልኩ ሰፋሁ። ቋጠሮውን እየደጋገምኩ አጠበቅኩ።

ማክሰኞ

ነቁ። አፍንጫቸው ላይ ቱቦ አለ፣ ወሬ ግን አላቆሙም። ክሩ ከእንስሳ ከሆነ ከየትኛው እንደሆነ ጠየቁኝ። ናይለን ነው፣ የፋብሪካ ነው አልኳቸው።

«ሶ በዓሣ ማጥመጃ ክር ሰፋሽኝ?» ብለው ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞረ። ስፌቱ እንዳይለቅ ዘልዬ ሆዳቸውን በሁለት እጄ ያዝኩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘይነባ ደነገጡ። ለጋሽ ሰይድ ትራስ አቅፈው እንዲያስሉ አሳየኋቸው።

ሐሙስ

ሳሉ ብሷል። በራቸው ላይ ያለ ምክንያት እየሄድኩ እቆማለሁ። ወደ ስካይዌይ፣ ወደ ቤቴ ስነዳ መታጠፊያዬን አለፍኩት። ናይለን ቋጠሮው ይንሸራተታል። ደጋግሜ ቋጥሬዋለሁ። በቂ ነው። በቂ ነው መሰለኝ።

ዓርብ

ነርሷ ፔጅ አድርጋ ጠራችኝ። ፋሻው ርሷል፤ ሮዝ ውሃ። የውስጡ ስፌት ሲለቅ የሚመጣው ውሃ እንዲህ ያለ ነው። አለቃዬን ኮል አደረግኩ፤ ኦፕሬሽን ክፍሉ ይዘጋጅ አለ።

«ምንድነው ልጄ?» አሉኝ ጋሽ ሰይድ። «ልየው» አልኳቸው።

ከቆዳው ስፌት ጥቂቱን ፈትቼ ጣቴን አስገባሁ። ከቆዳው ሥር የተጠራቀመ ፈሳሽ ገንፍሎ ወጣ፤ ሮዙ ውሃ ይኸው ነበር። ከዚያ በታች ናይለኑን አገኘሁት። ከላይ እስከ ታች በጣቴ ተከተልኩት፤ የላላ ቦታ የለውም። አለቃዬ መጥቶ ራሱ ዳሰሰ። «ይዟል» አለና ሄደ። መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ቅዳሜ

ቱቦው ወጣ፤ ሾርባ ቀመሱ። ቆዳውን ክፍት ትተነዋል፤ ከሥሩ እየሞላ ይድናል። ክሩን የመረጥኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ትናንትም እንደፈራሁ ነገርኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ። «እኔም የፈራሁት ፊትሽን አይቼ ነው።»

ዛሬስ ፊቴ እንዴት ነው አልኳቸው። ትክ ብለው አዩኝ።

«ኦኬ ነው። ግን ገና ነው።»

እውነታቸውን ነው። ሳሉ አለ፣ ትንሽ ትኩሳትም አለ። ነገ ዕረፍቴ ነው። ላያቸው ግን እሄዳለሁ።