ባይንታ ሳትጠየቅ የተሰጣት ቤት

እኔ ራንቫ የዮግቫን ልጅ፣ በፋሮ ደሴቶች የሃምራቪክ መንደር ነዋሪ፣ ዛሬ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 14 ቀን 2018 በራሴ ቤት፣ በራሴ አልጋ ላይ ሆኜ ይህን የመጨረሻ ቃሌን እሰጣለሁ። የሳንባዬ ሕመም ይህን ክረምት እንደማያሳልፈኝ ሐኪሙ ነግሮኛል። በትክክል ለመናገር፣ የነገረው ለወንድሜ ለሃኑስ ነው፤ እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። አእምሮዬ ጤነኛ ነው። ይህን ሌሎች ተናዛዦች አንድ ጊዜ ብለውት ያልፋሉ፤ እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ስለው ስለኖርኩ ሰልችቶኛል። እግሮቼ ከልጅነቴ ጀምሮ አይሸከሙኝም። ሰው የሚያስበው በእግሩ አይደለም።

ቃሌን የሚጽፍልኝ ጡረተኛው የፖስታ ጀልባ ነጂ ፖውል ነው፤ አንደኛው ምስክርም እርሱ ነው። በክፍሉ ውስጥ የሚነገረውን ሁሉ እንዲጽፍ አዝዤዋለሁ፤ ከሞትኩ በኋላ “እንዲህ ማለት ፈልጋ ነው” የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁና። ሁለተኛዋ ምስክር ጎረቤቴ አርምጋርድ ናት። ዓይነ ስውር ናት። ምስክር ስለሆነች በኑዛዜዬ ምንም አልተውላትም፤ ቢላዎቼን ባለፈው ሳምንት በእጇ አስረክቤያታለሁ። ዓይነ ስውር ሴት ቢላ ምን ያደርግላታል የሚል ካለ፣ በየዓመቱ በእርድ ወራት የእርሱን በጎች ቆዳ የምትገፈው ማን እንደሆነች ሚስቱን ይጠይቅ።

አንደኛ፣ ስለ ቀብሬ። ቄሱ “ከወንበሯ ነጻ ወጣች፣ አሁን በሰማይ እየዘለለች ነው” እንዳይሉ። ባለ ጎማው ወንበሬ አስሮኝ አያውቅም፤ ያሰረኝ ደረጃ ነው። ትምህርት ቤቱ ፎቅ ላይ ስለነበር ማንበብ የተማርኩት ዓሣ ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ቁራጭ ነው። ወሬው መሃል ላይ ስለሚቆረጥ የአንዳንዱን ጦርነት መጨረሻ እስካሁን አላውቅም። “በጽናቷ ለሁላችን ምሳሌ ነበረች” አይባል። ሥራ ነበራት ይባል።

ሁለተኛ፣ ለመንደሩ አዳራሽ ምንም አልሰጥም። በክረምት፣ ሰው ሁሉ እጅ ለእጅ ተያይዞ እየዘፈነ በሚዞርበት ጭፈራ፣ አራት ወንዶች ከነወንበሬ ተሸክመው ደረጃውን ያወጡኝና ክቡ መሃል ከሕፃናቱ ጋር ያስቀምጡኝ ነበር። መንደሩ በዚህ ይኮራል። ወንበር የሚወጣበት መንገድ ይሠራልኝ ብል ተቀየሙኝ። “ትከሻችን ምን አጎደለብሽ?” አለኝ አንዱ። በመጨረሻ ሠሩልኝ፤ የታረደ በግ በሚገባበት በጓሮ በር በኩል። እንደ ሰው ክቡ ውስጥ እጅ ልያያዝ ስል ደግሞ “ወንበርሽ ወደ ጎን አይሄድም፣ የእጃችን ሰንሰለት ይበጠሳል” አሉኝ። ፊቴን ወደሚዞሩበት አቅጣጫ ያዞረችኝ አርምጋርድ ናት። አንድ እጇን ወንበሬ ላይ አድርጋ፣ ሌላውን ለጎረቤቷ ሰጥታ፣ “በሉ ዝፈኑ እንጂ፤ ምን ታፈጣላችሁ? እኔ እንኳ አላፈጠጥኩም” አለቻቸው። ሰንሰለቱ አልተበጠሰም።

ሦስተኛ፣ ስለ ወደቡ መጋዘንና ስለዚህ ቤት። መጋዘኑ ለዓሣ አጥማጆች ብዙ መንጠቆ ያለበትን ረጅም ገመድ የምናዘጋጅበት፣ መንጠቆው ላይ ዓሣ የሚስብ ቁራጭ ሥጋ እየሰካን በገንዳ የምንጠቀልልበት ነው። ሥራውን ያስተማረችኝ መስማት የተሳናት ሶልሩን ናት፤ ነፍሷን ይማር። ገመዱ ባሕር ላይ እንዳይተበተብ አጠቃለሉን ያሳየችኝ እጄን በእጇ ይዛ ነው። መንደሩ “ሁለቱ ምስኪኖች” ይለን ነበር። በእኛ መንጠቆ የተያዘውን ዓሣ ሲበላ ግን ምስኪንነታችን ትዝ አይለውም። መጋዘኑን ለሃኑስ እተዋለሁ። ቤቱን ለሃኑስ ልጅ ለባይንታ እሰጣለሁ፤ ደፍ የለውም፣ የማብሰያው ጠረጴዛም ዝቅ ያለ ነው።

እዚህ ላይ ከበሩ ውጭ ሆኖ ሲሰማ የቆየው ሃኑስ ወደ ክፍሉ ገባ። የሚለውን ጻፍ አልኩት ፖውልን።

“ደክማለች እኮ ፖውል። የምትለውን ታውቀዋለች?” አለ።

“እዚሁ ነኝ ሃኑስ” አልኩት።

“ለአንቺው ብዬ ነው እህቴ።” ወደ አርምጋርድ ዞረ። “አንቺስ ሳታዪ ምኑን ትመሰክሪያለሽ?”

“የተናገረችውን ነዋ። መልኳን ማን ጠየቀኝ?”

ሃኑስ ተቀመጠ። ባይንታ ብቻዋን ቤት መያዝ እንደማትችል፣ ዋና ከተማው ውስጥ ባለ የእንክብካቤ ቤት ቦታ እንዳገኘላት፣ ይህ ቤት ለጎብኚዎች ቢከራይ እንደሚሻል ተናገረ። ክፉ ሰው አይደለም። ልጁን ስለሚወዳት ነው እንዲህ የሚያደክመን።

ባይንታ ጎልማሳ ሴት ናት። ስትወለድ በደረሰባት ጉዳት በሁለት ምርኩዝ ትሄዳለች፤ ንግግሯም ዝግ ያለ ነው። ይህ ሁሉ ሲባል እግርጌዬ ተቀምጣ ነበር።

“እኔ... አል...” ብላ ጀመረች።

“አልተመቸኝም ልትል ነው። ትራስ ስጧት” አለ አባቷ።

ስለዚህ አራተኛ፣ የአባታችንን ጀልባ ለሃኑስ እተውለታለሁ፤ ነገር ግን አሁኑኑ፣ ምስክሮቹ ባሉበት፣ ልጁን አንድ ጥያቄ ጠይቆ መልሷን እስክትጨርስ አፉን ከዘጋ ብቻ ነው።

“ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ኑዛዜ ነው?” አለ።

“የእኔ ዓይነት” አልኩት።

ጣሪያውን አየና ጠየቃት። “ባይንታ፣ ይህን ቤት ትፈልጊዋለሽ?”

መልሷ ጊዜ ወሰደ። ሃኑስ ሊናገር ሲል አርምጋርድ አተነፋፈሱን ሰምታ “እሽሽ” አለችው። እኔም “አዎ” ልልላት ምላሴን በልቶኝ ነበር።

“ቤቱን አልፈልገውም አክስቴ” አለች ባይንታ። “ኮረብታ ላይ ነው። መስኮት ላይ ተቀምጬ ጀልባ ስቆጥር ልኖር ነው? እኔ መጋዘኑን ነው የምፈልገው። ጓዳው ውስጥ አልጋ ይገባል።”

“ወደቡ ያንሸራትታል፤ በምርኩዝ...” አልኩ።

“አልጨረስኩም አክስቴ።”

እጄን አፌ ላይ አደረግሁ።

“ሲያንሸራትት እወድቃለሁ። ወድቄ አውቃለሁ፤ እነሳለሁ። የሰካሁትን መንጠቆ አይተሽ ‘ጎበዝ’ ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ታዲያ ለምን ታሳርፊኛለሽ? አባዬ ከተማ ሊያሳርፈኝ፣ አንቺ እዚህ ልታሳርፊኝ። ምን ሠርቼ ነው የማርፈው? አሁን ጨረስኩ።”

ፖውል በሦስተኛው ላይ የጻፈውን አከፋፈል እንዲሰርዝ፣ ስረዛው ግን እንዲታይ አዘዝኩት። በምትኩ እንዲህ ይጻፍ፦ የወደቡን መጋዘን ከነጠረጴዛው፣ ከነገመዱና ከነገንዳው ለባይንታ የሃኑስ ልጅ በሙሉ ባለቤትነት እሰጣለሁ። ሞግዚት አይሾምባትም። ውል የሚዋዋል ሰው ከእርሷ ጋር ይዋዋል፤ መልሷን ለመጠበቅ ትዕግሥት የሌለው ገመዱን ሌላ ቦታ ያሠራ።

ቤቱስ ምን ይሁን ብዬ ጠየቅኋት። “እሱ የአንቺ ነው፤ አንቺ ወስኚ” አለችኝ። ለሃኑስ ሰጠሁት። ጉልበቱ እየከዳው ስለሆነ ደፍ የሌለው ቤት ምን ማለት እንደሆነ በቅርቡ ይገባዋል። ጀልባውንም አግኝቷል፤ ዝም ብሎ ያገኘው የመጀመሪያ ንብረቱ ነው።

ይህ ቃሌ በምስክሮቹ ፊት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነቦልኝ፣ ሐሳቤ መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜበታለሁ። ባይንታ ወራሽ ስለሆነች አልፈረመችም። ከላይ በስሟ የተጻፈው ንግግር ግን ከአፏ እንደወጣ የተጻፈ ነው፤ እኔን ጨምሮ ማንም አልሞላላትም።

ተናዛዥ፦ ራንቫ የዮግቫን ልጅ

ምስክርና ጸሐፊ፦ ፖውል፣ የቀድሞ የፖስታ ጀልባ ነጂ

ምስክር፦ አርምጋርድ፣ ጎረቤት፤ እስከ መጨረሻው የሰማሁ