ከጌሙ ጋር አባታችንን ላጸዱልን ኃላፊ

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ይግዛው፣
የምንጭ በር ወጣቶች ማዕከል ኃላፊ፣
ሰቆጣ።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? የሰቆጣ ፀሐይና አቧራ እንዳይከብድብዎ፣ ከመጡበት አገር የተለዩዋቸው ዘመዶችዎ ደኅና እንዲሰነብቱልዎ፣ ወላጅ አባትዎም በሕይወት ካሉ ድምፃቸውን በስልክም ቢሆን ዘወትር እንዲሰሙ አምላክን እለምንልዎታለሁ። ከእነዚህ ምኞቶች የመጨረሻውን ከልቤ ነው የጻፍኩት፤ የፊተኞቹ ለወጉ ያህል ናቸው።

እኔ ሰርካለም ወልደ ጻድቅ እባላለሁ። በፍርድ ቤቱ ደጃፍ በሸራ ጥላ ሥር ተቀምጬ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ድንበሩ የተገፋበትም፣ ባሏ ጥሏት የሄደባትም እኔ ዘንድ እየመጣ በንዴት ይናገራል፤ እኔም ስድቡን አውጥቼ፣ «ክቡር» የሚለውን ጨምሬ፣ ለቢሮ በሚመች አማርኛ እጽፍለታለሁ። ስለ ራሴ ጉዳይ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ስድቡን ማውጣት ይህን ያህል እንደሚያደክም አላውቅም ነበር። በግልጽ ደብዳቤ መጻፌንም እንዳይቀየሙብኝ፤ ቢሮዎ በተመላለስኩ ቁጥር ስብሰባ ላይ ነዎት ስለተባልኩ፣ ምናልባት በአደባባይ ብናገር ስብሰባው ድረስ ይሰማ ይሆናል ብዬ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። በማዕከሉ ጥግ ባለው ኮምፒዩተር ውስጥ አንድ የእርሻ ጌም ነበረ። ጌሙ የፈረንጅ አገር እርሻ ነው፤ ሜዳው ለጥ ያለ፣ ትራክተሩ ቤት የሚያህል፣ ድንጋይ የሚባል ነገር የማይታይበት። ታናሽ ወንድሜ ሙሉሰው ይህን ባየ ጊዜ፣ ድንጋይ ያልተለቀመበት መሬት ምኑን ታረሰ ብሎ ሳቀ። እንዲህ ባለው ጌም ላይ ሰዎች የራሳቸውን ጭማሪ ሠርተው መጫን ይችላሉ፤ ጭማሪውን ሞድ ይሉታል። ሙሉሰውም ከሥራ በተረፈው ጊዜ ሁሉ እየተቀመጠ፣ እየተሳሳተና እያፈረሰ፣ ተወልደን ያደግንባትን የደሃናን መንደር አስገባበት። መጀመሪያ መሬቱን ከነእርከኑና ከነድንጋዩ፣ ቀጥሎ የገብሱን ማሳ፣ ቀጥሎ የደብራችንን ቤተ ክርስቲያን፣ ቀጥሎም በትራክተሩ ፈንታ ቦራና ጉራቻ የሚባሉትን የአባታችንን በሬዎች ከነሞፈር ቀንበራቸው። በመጨረሻ ድምፁን ጫነ።

ድምፁ የአባታችን የወልደ ጻድቅ ነበር። አባታችን አማርኛውን ለቀበሌና ለገበያ ያውለው ነበር እንጂ ከበሬዎቹ ጋር የሚነጋገረው በአገራችን ቋንቋ በኽምጥኛ ነው። ሙሉሰው አንድ ቀን ስልኩን መቅረጫው ላይ አድርጎ በአባታችን የደረት ኪስ ከተተለትና አባታችን ሲያርስ ዋለ። ስልኩንም ረሳው። ቦራን ሰደበው፤ ከሰደበው በኋላ ደግሞ እንደ ልማዱ ይቅርታ ጠየቀው። ሳለ። ለብቻው አጉረመረመ። ማሳው ጫፍ ሲደርስም እናታችን ምሳ ይዛ ቁልቁለቱን ስትወርድ ከሩቅ አየና ለበሬዎቹ፣ በሉ እረፉ፣ ሸጌ መጣችላችሁ አላቸው።

ሸጌ እናታችን ናት። አባታችን ዓይን አፋር ሰው ነበር፤ እንደ ብዙዎቹ የእርሱ ዘመን ሰዎችም ሚስቱን «አንቺ» ወይም «የሰርካለም እናት» ይላታል እንጂ በስሟ ሲጠራት እኛ ልጆቹ ሰምተን አናውቅም። እርሷም አልሰማችም። ስሟን ለበሬዎቹ ይነግራቸው እንደነበረ ያወቀችው ሙሉሰው ማዕከሉ ወስዶ ጌሙን ባሳያት ቀን ነው፤ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎትታ ሳቀች፣ ከዚያም ድገመው አለችው።

ባለፈው ዐቢይ ጾም አባታችን ዐረፈ። እናታችንን ከደሃና አምጥተን እኔ ቤት አስቀመጥናት። ከዚያ ወዲህ በየገበያው ቀን ማዕከሉ ትሄድ ነበር፤ ልጆቹ ወንበር ይለቁላታል፣ አንዱ ጎረምሳም ማሳውን እስከ ጫፍ ያርስላታል። ሙሉሰው ድምፁን ያሰረው ከትልሙ መጨረሻ ጋር ስለሆነ ሳያርሱ አይሰማም። እርሷም ዝም ብላ አትጠብቅም፤ ትልሙ ጠመመ፣ ቦራን ቀስ በል በለው፣ የእኛ መሬት እንዲህ አይጋለብበትም እያለች ታርማቸዋለች። ጫፍ ሲደርሱ ጆሮዋን ታቀርባለች። ስሟን ትሰማለች፣ ልጆቹን ትመርቃለች፣ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ክቡር ሆይ፣ ለባሏ ሐዘን ያገኘችው መጽናኛ ይኸው ብቻ ነበር።

እንግዲህ ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

አንደኛ፤ በመጡ በጥቂት ጊዜ ውስጥ የጽዳት ዘመቻ ስላወጁልን አመሰግናለሁ። ቫይረስ ያመጣል ተብሎ በማዕከሉ የሚገኝ ፍላሽ ሁሉ እንዲሰበሰብ አዘዙ፤ ተሰበሰበ። ሙሉሰው የሞዶቹን ቅጂ ያስቀመጠበትም ፍላሽ አብሮ ተሰበሰበ። ሁሉም ንጹሕ ሆኖ ተመለሰልን፤ አዲስ በነበረበት ጊዜ እንኳ እንዲያ ባዶ አልነበረም። ሙሉሰው የራሱ ኮምፒዩተር የለውም፣ ድምፁ የተቀረጸበት ስልክ ከአባታችን ቀድሞ ሞቷል፣ ኔትወርኩም እንደሚያውቁት ስለሆነ ሞዱን ኢንተርኔት ላይ ማስቀመጥ አልተቻለም። ስለዚህ የአባታችን ድምፅ የቀረው በዚያች በጥግ ባለች ማሽን ብቻ ሆነ። በዚያን ጊዜ ይህን አላወቁም ነበር፤ ቢጠይቁ ግን የሚነግርዎት ሰው አላጡም።

ሁለተኛ፤ ስለ ሃይማኖተኛነትዎ አመሰግናለሁ። በቦታው የነበሩት ልጆች እንደነገሩኝ፣ ኮምፒዩተሩን ሲመረምሩ የሞዶቹን ዝርዝር ከፈቱ፤ መሬት፣ ገብስ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ በሬ፣ ድምፅ ተብሎ በቅደም ተከተል የተጻፈውን አነበቡ። ቤተ ክርስቲያን ከገብስ በታች መጻፏ አሳዘነዎት። ይህ ነውር ነው፣ ቤተ እግዚአብሔር ከሁሉ በፊት ነው ብለው በገዛ እጅዎ ጎትተው ከዝርዝሩ አናት ላይ አወጧት። ሐሳብዎ ቅን ነበር፤ ይህን ስል እየቀለድኩ አይደለም። እኔም ብሆን አደርገው ነበር፣ ከኛ አገር ሰው ይህን የማያደርግ ጥቂት ነው። ጌሙ ግን ዝርዝሩን የሚጭነው ከላይ ወደ ታች ነው፤ በኋላ የመጣው በፊት የመጣውን ይሸፍነዋል። ኮርቻ ሳይደረግ ጭነት የተጫነባት አህያ ምን እንደምትሆን ያውቃሉ። ቤተ ክርስቲያኗ መጀመሪያ ቆመች፣ መሬቱ ከነድንጋዩ መጥቶ ላይዋ ላይ ተነጠፈ፤ ጌሙን ሲከፍቱት ከአፈሩ በላይ የሚታየው ጉልላቷ ብቻ ነበር። ከድንጋይ የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ለኛ ለዋግ ሰዎች እንግዳ አይደለም፤ የተቀበረ ግን እኛም አይተን አናውቅም።

ሦስተኛ፤ ስለ ቆራጥነትዎ። የተቀበረችውን ቤተ ክርስቲያን ባዩ ጊዜ በጣም ደነገጡ፤ ይህ ተራ ቫይረስ አይደለም፣ የሃይማኖት ጠላት የሠራው ነው አሉ። ልጆቹ ሙሉሰው ለግንበኝነት ሥራ ኒሯቅ ወርዷል፣ እስኪመለስ ይታገሱን ብለው ለመኑዎት። ያንን አንድ መስመር ወደ ቦታው ዝቅ ማድረግ ብቻ ይበቃ ነበር፤ እጅዎ ያወጣትን እጅዎ ያወርዳት ነበር። እርስዎ ግን ኮምፒዩተሩን ፎርማት አደረጉት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ አባቶች፤ እኛ የምንለቅመውን እንኳ አላገኘንም።

አራተኛ፤ ስለ ሥርዓት አክባሪነትዎ። ሙሉሰው ወሬውን ሰምቶ ከኒሯቅ በጭነት መኪና ላይ ተሳፍሮ መጣ። የተደመሰሰ ነገር ወዲያው እንደማይጠፋ፣ ሌላ ነገር ካልተጻፈበት ፈልጎ ማውጣት እንደሚቻል፣ ስለዚህ ማሽኗ እንድትዘጋና ማንም እንዳይነካት ደጅዎ ላይ ቆሞ ለመነዎት። ወንድሜ ኩሩ ነው፤ ሰው ሲለምን ያየሁት በዚያን ቀን ነው። እርስዎም በትሕትና አዳመጡት፤ ቢሮው በሥርዓት እንደሚሠራ ገልጸው ማመልከቻ እንዲያስገባ ነገሩት። ማመልከቻውን ራሴ ጻፍኩለት። ማመልከቻው ጠረጴዛዎ ላይ ተቀምጦ ተራውን ሲጠብቅ፣ እርስዎ በዚያችው ማሽን ላይ ስለ መልካም አስተዳደር የተዘጋጁ የሥልጠና ቪዲዮዎችን ጫኑባት፤ አንድም ክፍት ቦታ ሳያስቀሩ እስከ አፍ ገደፏ ሞሏት። ፈቃዱ ሲመጣ ሙሉሰው ተቀምጦ ፈለገ። የገብሱ ሥዕል ቁራጭ ተገኘ። ከበሬዎቹ የጉራቻ ቀንድ ተገኘ። ድምፁ በነበረበት ቦታ ስለ ተገልጋይ እርካታ የሚያስተምር ሰውዬ ይናገር ነበር።

አምስተኛ ብዬ ማስታወቂያዎን ላነሳ ነበር። ከሁሉ በኋላ በበሩ ላይ፣ ተጠቃሚዎች ጠቃሚ ፋይሎቻችሁን አስቀድማችሁ በቅጂ እንድትይዙ እናሳስባለን የሚል ለጥፈዋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚለውን ተረት መጥቀስ ለክብርዎ ስለማይመጥን አልጠቅሰውም።

ከዚህ በኋላ ቁጥሩን ትቼዋለሁ። ሰው ሲያዝን በቁጥር አያዝንም፤ ለባለጉዳዮቼ በተራ ቁጥር ስጽፍላቸው የኖርኩት ዳኛው እንዲቀለው ነው። እውነቱን ልንገርዎ፤ በእርስዎ ላይ የተናደድኩት ስላጠፉት አይደለም። ማንም ያጠፋል። «ጌም ነው፣ ሌላ ትጭናላችሁ፤ በሬም ከፈለጋችሁ በየሜዳው ሞልቷል» ብለው ለሙሉሰው የመለሱለት ነው ያቃጠለኝ። መሬቱን ድጋሚ መሥራት ይቻላል። ሙሉሰው ከፈለገ ድንጋዩን አንድ በአንድ መልሶ ይደረድረዋል፣ ቦራና ጉራቻም አጎታችን ዘንድ በሕይወት ስላሉ ፎቶ ማንሳት ነው። የሚያናግራቸው ሰው ግን የለም። ሙሉሰው ከዚያ ወዲህ ማዕከሉ አልሄደም፤ ልጆቹ እንደገና አስጀምርልን ብለው ቤት ድረስ ቢመጡበት፣ በሬዎቹን ዝም አሰኝቼ ምን ላሳርሳችሁ ብሎ መለሳቸው።

በሪፖርትዎ ላይ ማዕከሉ ከአላስፈላጊ ፋይሎች ነጻ መሆኑ ተጽፎ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አይቻለሁ። ጽሑፉ ያማረ ነው፤ የሙያ ሰው ስለሆንኩ አደንቃለሁ። አንዲት ቃል ብቻ እንዲያርሙልኝ እጠይቃለሁ። አላስፈላጊ የሚለውን አውጥተው፣ የሚያውቅ ሰው ያልጠየቅንባቸው ብለው ይጻፉልኝ። ሌላ የምጠይቅዎ ነገር የለም። ካሣ አልፈልግም፣ ሥራዎን እንዲያጡም አልመኝም፤ በምትክዎ የሚመጣው ሰው ደግሞ ምን እንደሚያጸዳልን ስለማላውቅ የእርስዎን መቆየት እመርጣለሁ።

ለንጽሕናዎ፣ ለቅደም ተከተልዎና ለቆራጥነትዎ ያለኝን ከፍ ያለ አክብሮት እየገለጽሁ፣ ደብዳቤዬን እስከዚህ ድረስ አንብበው ከሆነ ስለ ትዕግሥትዎ እግዚአብሔር ይስጥልኝ እላለሁ፤ ይህን ትዕግሥት ኒሯቅ ለነበረ ሰው ጥቂት ቢቆጥቡለት ኖሮ ባልጻፍኩልዎት ነበር።

ከአክብሮት ጋር፣
ሰርካለም ወልደ ጻድቅ፣
የሟች ልጅ፣ ማመልከቻ ጸሐፊ፣
ሰቆጣ።

ተጨማሪ፦ እናታችን ይህን ሁሉ አታውቅም። ልነግራት አፌን ከፍቼ ስላቃተኝ ማሽኗ ታማለች፣ ኃላፊው ለጥገና ወስደዋታል አልኳት። እርሷም አመነችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ስትነሣ፣ ያን የሰው አገር ልጅ እጁን ይባርክለት፣ የደከመበትን ያሳካለት እያለች ትመርቅዎታለች፤ የገበያው ቀን በደረሰ ቁጥርም ማሽኗ ድና እንደሆነ ትጠይቀኛለች። እኔ ከዚህ በላይ መዋሸት አልችልም። ስለዚህ ቤታችን መጥተው ራስዎ እንዲነግሯት በታላቅ አክብሮት እጋብዝዎታለሁ፤ ቤቱን ልጆቹ ያሳዩዎታል። ሲመጡ ግን ምርቃቱን መጀመሪያ ይቀበሉ፤ ከነገሯት በኋላ ትመርቅዎ እንደሆነ እኔ ልጇም አላውቅም።