ዓይንሽ እስኪድን

ደብረ ታቦር፣ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ እንዴት አደረገሽ? ዓይንሽስ፣ ነፋስ ሲነካው አሁንም ይቆጠቁጥሻል ወይ? የጎረቤቶችሽን፣ የላሚቱንም ደኅንነት ብሰማ ደስ ይለኛል። እኔ ለመቆሙ ቆሜአለሁ፤ ስሙ ይመስገን። እዚህ ዝናቡ ዘንድሮ ቀደም ብሏል። ጉና እስከ ረፋድ ድረስ ደመና ተከናንቦ አይታይም። ሰዉም እርሻውን ከአሁኑ ተያይዞታል።

ይህችን ደብዳቤ ሾፌሩ ታደሰ በእጁ ያስረክብሻል። ለሌላ ሰው እንዳይሰጥ በጊዮርጊስ አስምዬዋለሁ። እሱም፣ እትዬ፣ ደብዳቤ ነው ወይስ ታቦት ነው ያሸከሙኝ፣ ብሎ ሳቀብኝ። አንቺም ከዚህ በታች ያለውን ሳታነቢ በርሽን ዝጊ፤ ተቀመጪም።

እንዲህ ያለውን ነገር ሽማግሌ ነው የሚያደርሰው እንጂ ወረቀት አያደርሰውም። ሊነጋጋ ሲል ይመጣሉ፣ በር ያንኳኳሉ፣ አንድ ቃል ይናገራሉ፤ ከዚያ ሰው ከቦ ይይዝሻል። በወረቀት የሚያረዳ ጨካኝ ነው ሲባል ነው ያደግነው። እንግዲህ ጨካኝ ልባል።

እታለም፣ ሙሉቀን ሞቷል።

ይህችን ቃል እስከ ዛሬ ካፌ አውጥቻት አላውቅም። ከወንድማችን ከተስፋነህ ጋር እንኳ ስንነጋገር “የባሕር ዳሩ ጉዳይ” ነው የምንለው። አሥር ወር አለፈው።

አምና ሐምሌ፣ የዓይንሽ ሞራ በተገፈፈ በስድስተኛው ቀን፣ አንቺ እኔ ቤት ጓዳ ውስጥ ዓይንሽ ተሸፍኖ ተኝተሽ ነበር። ተስፋነህ ከደጅ ጠራኝ። ገዳም ተሳላሚው እየቀነሰ ሲሄድ ሙሉቀን የሚሠራበት ሞተር ጀልባ ሥራ ፈትቶ ኖሯል። እሱም በሰው ታንኳ ዓሣ ማጥመድ ጀምሮ ነበር፤ ይህን ለማናችንም አልነገረንም። የሐምሌ ነፋስ ሐይቁ ላይ አገኘው። በሦስተኛው ቀን ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አፍ ላይ ተገኘ። ተስፋነህ ይህን ሁሉ የነገረኝ አጥሩ ሥር ቆሞ፣ ጋቢውን አፉ ላይ አድርጎ ነው።

ነርሷ እስከ አርባ ቀን ድረስ ጎንበስ እንዳትይ፣ ከባድ እንዳታነሺ፣ እንዳታለቅሺ ብላሽ ነበር። ተስፋነህ፣ ልጇን አጥታለች፣ ዓይኗን ደግሞ እኛ አናጠፋባትም፤ ዓይኗ እስኪድን ይቆይ አለ። እሺ አልኩ። ገብቼ ባሕር ዳር ለቅሶ ልደርስ ነው አልኩሽ። የማን ለቅሶ እንደሆነ ስትጠይቂኝ የማታውቂያት ሴት ናት አልኩሽ። የኔ ነጠላ ታጥቦ አልደረቀም ነበር፤ ያንቺን ልበሺው አልሽኝ። አዘቅዝቀሽ ልበሺው፣ ለቅሶ ነው አልሽኝ፣ በተሸፈነ ዓይንሽ። ልጅሽን ያንቺን ነጠላ ለብሼ ቀበርኩት።

ያንቺ ዓይን አርባና የሱ አርባ በጥቂት ቀን ነው የተለያዩት። ከዚያ በኋላ መስቀል ይለፍ ተባለ። አጨዳው ደረሰ፣ ቀጥሎ ውቂያው። ከዚያ መንገዱ ተዘጋ፤ ሲከፈት ዐቢይ ጾም ገባ። አሁን ደግሞ ተስፋነህ በዓለ ሃምሳው ይለፍ ይላል። እናንተ ዘንድ ገሳይ ኔትወርክ መጥፋቱ ለውሸታችን ተመቸው። ሰው ባገኘን ቁጥር ደኅና ነው፣ ሥራ በዝቶበት ነው እያልን እንልካለን። አንቺም እግዜር ይርዳው ብለሽ ትመልሻለሽ።

ከፋሲካ በኋላ ያ መልእክትሽ መጣ። ስንት ዓመት በጭጋግ የኖረው ዓይንሽ ተከፍቷልና ልጅሽ የሚኖርበትን ከተማ ማየት አምሮሻል። ባሕር ዳር ሄጄ መንገዱን፣ ድልድዩን፣ የሚሳለምበትን ቤተ ክርስቲያን፣ የተከራየበትን ቤት በስልኬ አንሥቼ፣ አሳጥቤ እንድልክልሽ ጠየቅሽኝ። የሱንስ ፎቶ አላሉም ወይ አልኩት ታደሰን። “ፊቱን አውቀዋለሁ፣ እሱን አታድክመው ብለዋል” አለኝ። ለፊቱ የሚሆን ውሸት መፈለግ ጀምሬ ስለነበር ዕፎይ አልኩ። ሞኝነቴን አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

በሐሙሲት በኩል ሄድኩ። ሁለት ቀን ሙሉ እንደ ሀገር ጎብኚ ስልክ ይዤ ስዞር ዋልኩ። ባጃጅ የያዘኝ ሰውዬ፣ እናት፣ ቤት ሊገዙ ነው እንዴ እንዲህ መንገድ ለመንገድ የሚያስቆሙኝ፣ እያለ ሲቀልድብኝ ነበር። ከተማው ያምራል እታለም። አበባው፣ ዛፉ፣ የሐይቁ ሽታ። ይህን ሁሉ ውበት ስትጠላ የምትዞር ሴት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ፎቶዎቹ ጀርባ የየቦታውን ስም ጽፌልሻለሁ። ያልጻፍኩትን አሁን ልጻፈው።

ዘንባባ ግራና ቀኝ የቆመበት ሰፊው መንገድ ሙሉቀን ሥራ እንደያዘ የወሰደኝ መንገድ ነው። ጥጉ ላይ ካለችው ቤት ጁስ ጋበዘኝ። ሦስት ቀለም ተደራርቦ በማንኪያ ነው የሚበላው። እኔ ሳማስለው፣ “እማ፣ አታማስይው፤ ከላይ ወደ ታች ነው” እያለ ሲስቅብኝ ዋለ። በፎቶው ላይ የምታያት ባዶ ጠረጴዛ እሷ ናት። ካነሣኋት በኋላ ተቀመጥኩባት። አስተናጋጇ ብቻዬን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። ሁለት አዘዝኩ።

ሰማያዊ በር ያለው ቤት የእመቤት ነው፣ ያከራየችው ሴት። በሩን ሳነሣ አጠገቤ ቆማ ታለቅስ ስለነበር፣ ከፎቶው ፈቀቅ በይልኝ አልኳት። ገመዱ ላይ የተሰጣውን ሱሪ አይተሽ፣ ልብሱን ራሱ ማጠብ ለመደ ብለሽ ደስ ብሎሽ ከነበረ ይቅር በይኝ። የሱ አይደለም። ክፍሉን ሌላ ሰው ተከራይቶታል፤ አናጢ ነው አሉኝ።

ቤተ ክርስቲያኑን ከውጭ፣ ከበሩ ነው ያነሣሁት። ዘልቀው ሲገቡ በስተግራ፣ እሱ ያለው ከወይራው ሥር ነው። ወይራው ከቅጽሩ በላይ ስለሚታይ ፎቶው ላይ ጫፉ አለ። ሳነሣው አላየሁትም ነበር።

ድልድዩ ጋ ጥበቃ አስቆመኝ። አሁን አዲስ ትልቅ ድልድይ ተሠርቷል፤ አንቺ ግን አሮጌውን ነበር ያልሽኝ፣ ሙሉቀን ልጅ ሆኖ በአውቶቡስ ሲያልፍ ጉማሬ አየሁ ያለበትን። ስልኬን ሳወጣ ድልድይ ማንሣት አይቻልም አለኝ። እማማ፣ እርስዎም ቲክቶክ ጀመሩ እንዴ ብሎ ደግሞ ፈገግ አለ። ልጄ የሚያልፍበትን እናቱ ማየት ፈልጋ ነው አልኩት።

“ታዲያ እርስዎ ማን ነዎት?” አለኝ።

ስልኬን ዝቅ አደረግኩት። አዘነልኝ መሰለኝ፣ እንግዲያው ድልድዩን ይተዉት፤ ፊትዎን አዙረው ውሃውን ያንሡ፣ ውሃ አልተከለከለም አለኝ። አዙሬ አነሣሁት። ዓባይ ረግቶ፣ ፀሐይ አርፎበት፣ ምንም እንዳላደረገ ሆኖ ወጣ።

እዚህ ፎቶ ቤት የምትሠራው ልጅ አሥራ አንዱንም አትማ ስታስረክበኝ፣ እማማ፣ አንዱም ላይ ሰው የለበትም እኮ አለችኝ። አውቃለሁ አልኳት። ለታደሰ ሰጥቼ ላኩልሽ። ውሃውን ላስቀረው ብዬ ነበር። ግን ከጠየቅሽኝ አንዱ ቢጎድል ትጠረጥሪያለሽ ብዬ ፈራሁ።

ባለፈው ሰኞ ታደሰ ከገሳይ ተመልሶ ፖስታ ሰጠኝ። አንድ ፎቶ ብቻ ነበረበት። ዓባይ። አንቺ ያልሽውን እንዳለ ነገረኝ፦ “ይቺን መልስላት፤ ይህ ውሃ እኔ ቤት አያድርም። እሷም ለቅሶ አታብዛ፣ ዓይኗን ትጠብቅ።” ታደሰ ምኑም አልገባውም። ውሃ ምን በደላቸው ብሎ ጠየቀኝ።

ማን እንደነገረሽ አልጠይቅሽም። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነም አልጠይቅም፤ መልሱን እፈራዋለሁ። ከሰኞ ወዲህ የማስበው ሌላ ነው። መርዶ ያልተነገራት ሴት እንዴት ታለቅሳለች? ፀጉሯን አትላጭ፣ ጥቁር አትለብስ፣ ጎረቤት አይደርስላት። ገበያ ትወጣለች። ልጅሽ ደኅና ነው ወይ ሲሏት ደኅና ነው ትላለች። በፋሲካ ለሱ ብለሽ ድፎ ዳቦ ልከሻል። እኔም ተቀብዬ ደረሰው ብዬ ላኩብሽ። ስትደፊው ምን እያሰብሽ ነበር እታለም? ዓይንሽን ላድን ብዬ እንባሽን አገድኩብሽ።

ውሸቱ ለምን እንደቀለለኝም ልንገርሽ። ልምድ ነበረኝ።

ባለቤቴ ይርዳው ባረፈ በዓመቱ ቤቱ ጭር አለብኝ። ሙሉቀንን ስጪኝ፣ ከተማ ይማር አልኩሽ። ሰባት ዓመቱ ነበር። አንቺ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ስትቆጥሪ እኔ ተድሬ ነበርና ማንበብ አላውቅም ነበር። እሱ አንደኛ ክፍልን ጨርሶ የተወውን መጽሐፍ፣ ትምህርት ቤት ሲውል ብቻዬን እያገላበጥኩ ነው ፊደል የለየሁት። ዛሬ የምጽፍልሽ በዚያ ነው። በመጣ በሁለተኛው ወር “እማ” አለኝ። አክስትህ ነኝ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም።

በየበዓሉ ይምጣልኝ ብለሽ ስትልኪ ፈተና አለበት እልሽ ነበር። ፈተና አልነበረበትም። ስድስተኛ ክፍል እያለ ለፋሲካ ልብሱን በፌስታል ቋጥሮ ከጧት ጀምሮ በር ላይ ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር። እናትህ ዘንድሮ አልተመቻትም፣ ይቆይ ብላለች አልኩት። አላለቀሰም። ፌስታሉን ፈትቶ ልብሱን አንድ በአንድ እያጠፈ መለሰው። ከዚያ ወዲህ ገሳይ መቼ ነው የምንሄደው ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። ካደገ በኋላ ሲመጣም እንደ እንግዳ ቁጭ ብሎ ይሄዳል፣ ልቡ ቀዝቅዞብኛል ትይኝ ነበር። የከተማ ልጅ እንዲህ ነው ብዬ አጽናናሁሽ። ያቀዘቀዝኩት እኔ ነኝ።

ቀብሩ ላይ ሰው ሁሉ ወደኔ መጣ። የጀልባ ባልደረቦቹ በስልክ “እማ” ሲል የሰሙት እኔን ነው። ቄሱ እናቱ ነዎት ብለው ጠየቁኝ። ያንቺን ነጠላ እንደለበስኩ፣ አዎ አልኳቸው። እግዚአብሔር ያጽናዎት አሉኝ። ተቀበልኩ። በአርባውም እንደዚያው። በዓሉን እንደወሰድኩብሽ ኀዘኑንም ወሰድኩብሽ።

ስለዚህ ተስፋነህን፣ በዓለ ሃምሳው አይጠበቅም አልኩት። ተቆጣ። እኔም ተቆጣሁ፤ ከተወለድኩ እንቢ ስለው ይህ የመጀመሪያዬ ነው። እሑድ ሊነጋጋ ሲል ከሁለት ሽማግሌዎችና ከንስሐ አባትሽ ጋር ይመጣል። ይህን እንደጻፍኩልሽ አያውቅም። ሰው ሳይከብሽ፣ እንዲህ ሁኚ እንዲያ ሁኚ የሚልሽ ሳይኖር፣ ዓርብና ቅዳሜ ያንቺ ይሁኑ ብዬ ነው። ሽማግሌዎቹ ሲነግሩሽ አዲስ እንደሰማሽ ሁኚልኝ አልልሽም። እንደ ወደድሽ ሁኚ። ዓይንሽ ድኗል፣ እታለም። አልቅሺ።

እኔም አብሬያቸው እመጣለሁ፤ ከአጥርሽ ግን አልገባም። ከባሕር ዳር ባልደረቦቹም ይመጣሉ፣ ነግሬአቸዋለሁ። ወደኔ ሲመጡ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ እናቱ እኔ አይደለሁም፣ እናቱ ውስጥ ናት እላቸዋለሁ። ግቢ ካልሽኝ እገባለሁ። ካላልሽኝም እዚያው ቆሜ አለቅሰዋለሁ፤ አልቀየምሽም።

አምላከ ጊዮርጊስ ጽናቱን ይስጥሽ። የዓይንሽን ብርሃን አያጉድልብሽ። የልጅሽን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅ፣ በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልሽ።

ታናሽ እህትሽ፣
የሙሉቀን አክስት